ቦክሱ 4 ደቂቃ አሳይቶ ቀጥ ለሚልባት እህት

ሰላም እህቴ፣ ጥያቄሽን አነበብኩት። ድሬዳዋ ከዚራ ነሽ፤ ፋይበር ገብቶልሻል፤ ስልኩም ላፕቶፑም ይፈጥናል። ሞደሙ መኝታ ቤት ስለሆነ ሳሎን ሁለተኛ ራውተር አስገብተሽ የቴሌቪዥኑን ቦክስ ከሱ ጋር በገመድ አገናኘሽ። ቻናሉ 4 ደቂቃ ያህል ጥርት ብሎ ያሳይና ቀጥ ይላል። ቻናል ስትቀይሪ ይመለሳል፣ ከዚያ እንደገና ይቆማል። «ፍጥነት ላስጨምር ወይ?» ብለሻል።

አቦ፣ አታስጨምሪ። አንድ ኤችዲ ቻናል ብዙውን ጊዜ ከ10 ሜጋቢት በታች ነው የሚፈልገው። ፍጥነት ቢያንስሽ ኖሮ ምስሉ በፈለገው ሰዓት ይቆራረጥ ነበር እንጂ እንዲህ ሰዓት ጠብቆ አይቆምም።

እኔም ሳቢያን ቤታችን ይሄው ነው የገጠመኝ። አባቴ የማታውን የ2 ሰዓት ዜና ከፍቶ ይቀመጣል፤ ዋና ዋናው ተነቦ ዝርዝሩ ሲጀመር ምስሉ ይደርቃል። ገመድ ቀየርኩ፣ ቦክሱን አጥፍቼ አበራሁ፣ ምንም። አንድ ማታ በስልኬ ሰዓት ያዝኩ። በየጊዜው 4 ደቂቃ ከ20 ሴኮንድ አካባቢ ላይ ነው የሚቆመው። ነገሩ የገባኝ ያኔ ነው።

ዩቲዩብ ስታዪ ምስሉ ላንቺ ብቻ ይላካል። የቦክሱ የቀጥታ ቻናል ግን አብዛኛውን ጊዜ ለሚያየው ሁሉ በአንድነት ነው የሚሰራጨው። መልቲካስት ይሉታል። ቦክሱ መጀመሪያ «ይሄን ቻናል ስጡኝ» ይላል። ከዚያ በአቅራቢው በኩል ያለው መሣሪያ አብዛኛውን ጊዜ በየ125 ሴኮንዱ «አሁንም የሚያይ አለ?» እያለ ይጠይቃል፤ ቦክሱ «አለሁ» ይላል። ይህ መጠያየቅ አይጂኤምፒ በሚባል ሥርዓት ነው የሚሄደው። መሃል ያለው ራውተር ጥያቄውን ወይም መልሱን ካላሳለፈ፣ 260 ሴኮንድ ተጠብቆ የሚያይ ሰው እንደሌለ ይቆጠርና ቻናሉ ይዘጋል። 260 ሴኮንድ ደግሞ 4 ደቂቃ ከ20 ነው። ቻናል ስትቀይሪ የሚመለሰው አዲስ ጥያቄ ስለሚላክ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ቦክሱን ራውተሩን አልፈሽ በቀጥታ ሞደሙ ላይ ሰኪው። አንዳንድ ቤት ለቴሌቪዥን የተለየ ቀዳዳ ስለሚኖር፣ የቱ እንደሆነ የገጠመልሽን ባለሙያ ጠይቂ። 10 ደቂቃ እዪ። ካልቆመ ጣጣው ያለው ሁለተኛው ራውተር ላይ ነው።

ከሞደሙ እስከ ሳሎን ሁለት ገመድ፣ አንዱን ለራውተሩ አንዱን ለቦክሱ፣ መዘርጋት ከቻልሽ እንደዚያው ተይው፤ ከዚህ የሚሻል የለም። ካልቻልሽ ሁለተኛውን ራውተር «አክሰስ ፖይንት» በሚለው ሞድ አድርጊው። ያኔ የራሱን የተለየ ኔትወርክ መፍጠሩን ትቶ የመጣለትን እንዳለ ያሳልፋል። እኔ የተገላገልኩት በዚህ ነው። ይህ ሞድ ከሌለው ሴቲንጉ ውስጥ «አይጂኤምፒ ፕሮክሲ» የሚለውን ፈልገሽ አብሪ፤ ጥያቄና መልሱን የሚያሳልፈው እሱ ነው። «አይጂኤምፒ ስኑፒንግ» የሚል ካለም አታጥፊው። እሱ ከጠፋ የቴሌቪዥኑ ስርጭት በየቀዳዳው፣ በዋይፋዩም ጭምር ይፈስና ቦክሱ በተከፈተ ቁጥር የቤቱ ስልክ ሁሉ ይንቀራፈፋል። ቪላን (የቴሌቪዥኑንና የኢንተርኔቱን መስመር የሚለየው ቁጥር) የሚል ቦታ ላይ ቁጥር ከተጠየቅሽ በግምት አትሙዪ፤ ከአቅራቢው ውሰጂ።

አደራ፣ ሞደሙን ሪሴት እንዳታደርጊ፤ ሴቲንጉን ሁሉ ያጠፋዋል። እኔ በንዴት ተጭኜው የመግቢያው ዩዘርና ቪላኑ አብሮ ጠፋ። ባለሙያ እስኪመጣ 4 ቀን ያለ ኢንተርኔት ከረምን፤ አባቴም ዜናውን በሬዲዮ ነው የሰማው። ምንም ከመንካትሽ በፊት እያንዳንዱን ገጽ ፎቶ አንሺ።

ገመዱን ከታይዋን ገበያ ስትገዢ ካት 5ኢ በዪ፤ ውስጡ መዳብ መሆኑንም አሳዩኝ በዪ። እስከ 100 ሜትር ያለ ችግር ይሄዳል። ቦክሱን በዋይፋይ ለማድረግ አታስቢ። የከዚራ የድሮ ቤቶች ግድግዳ ወፍራም ድንጋይ ነው፤ የዋይፋዩ 5 ጊጋኸርዝ ሞገድ እሱን አልፎ ሲወጣ አቅም አይቀረውም። መልቲካስት ደግሞ በዋይፋይ ሲሄድ የጠፋው ቁራጭ ተመልሶ አይላክም፤ ምስሉ ይሰባበራል።

ሙቀቱንም አትርሺ። ብዙዎቹ የቤት ሞደሞች የተሠሩት እስከ 40 ዲግሪ ላለ ቦታ ነው። በግንቦት የድሬ ሙቀት ቁምሳጥን ውስጥ ተዘግቶ፣ በላዩ ዳንቴል ለብሶ የሚቀመጥ ሞደም ይታፈናል። ክፍት ቦታ አውጪው። ስታወጪው ቀጭኗን የፋይበር ገመድ እንዳታጥፊያት። ሞደሙ ላይ ሎስ (LOS) የሚለው መብራት ቀይ ከሆነ የተነካው ፋይበሩ ነው፤ ሴቲንግ መነካካቱ አይረዳሽም።

ዛሬ ማታ ቦክሱን ሞደሙ ላይ ሰክተሽ ሞክሪና ስንት ደቂቃ እንደሄደ ጻፊልኝ። የራውተሩን ሞዴልና የሴቲንጉን ፎቶም ላኪ፤ የቱን እንደምትነኪ አሳይሻለሁ። ዩዘሩንና ፓስዎርዱን ግን ሸፍነሽ።