ደብረ ብርሃን ሥላሴ ለምን ሦስት ገጽ ሆነ?

ጥያቄው የመጣው ከጎንደር ነው። ጠያቂው አስጎብኚ ናቸው። ከደብተር፣ ከቴሌግራምና ከወርድ ፋይል የለቀሙትን ማስታወሻ በሙሉ ኦብሲዲያን በሚባለው የማስታወሻ ፕሮግራም ላይ እንደ ግል ዊኪ (ገጾቹ እርስ በርስ የተያያዙ መዝገብ) አስገብተውታል፤ 240 ገጽ ደርሷል። «እንግዳ ፊት ቆሜ ስልኬ ላይ ስፈልግ የጻፍኩትን አላገኘውም። ለደብረ ብርሃን ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ሦስት ገጽ አለኝ፤ አንዱ ላይ ያለው ሌላው ላይ የለም። ማኅደሮቹን እንደ አዲስ ላደራጅ ወይስ ፕሮግራሙን ልቀይር?» ይላሉ።

ሁለቱንም አያድርጉ። ፕሮግራሙ ጤነኛ ነው፤ ማኅደር ማብዛትም ችግሩን ይሸፍነዋል እንጂ አይፈታውም። የታመመው የስም አጻጻፍዎ ነው። ሀ፣ ሐ እና ኀ ለጆሮ አንድ ቢሆኑም ለኮምፒውተር ሦስት የተለያዩ ፊደሎች ናቸው፤ ሰ እና ሠም እንዲሁ። አንድ ቀን በስልክ «ስላሴ»፣ ሌላ ቀን በላፕቶፕ «ሥላሴ» ብለው ሲጽፉ ዊኪው ሁለተኛውን አዲስ ነገር ነው ብሎ ሌላ ገጽ ይከፍትለታል። ሦስተኛው ገጽ ከየት እንደመጣ ከላኩት የስክሪን ፎቶ ይታያል፦ «ደ» የሚል ማኅደር አለ፣ ውስጡ «ብርሃን ስላሴ» የሚል ገጽ ተቀምጧል። ማያያዣው (ሊንኩ) ውስጥ አሳጥረው «ደ/ብርሃን ስላሴ» ብለዋል ማለት ነው። እኛ ለማሳጠር የምንጠቀምበትን እዝባር ፕሮግራሙ የሚያነበው እንደ ማኅደር መለያ ነው። ስለዚህ ቅ/ገብርኤል፣ ወ/ሮ፣ ዶ/ር የሚሉት በገጽ ስም ውስጥ አይግቡ፤ ዘርግተው ይጻፏቸው።

ወደ ጥገናው እንምጣ። ምንም ከመንካትዎ በፊት ሙሉውን ማኅደር ፍላሽ ላይ ይቅዱ። ከዚያ «ደብረ ብርሃን ሥላሴ» የሚለውን ዋና ገጽ ያድርጉና የቀሩትን ሁለቱን በየተራ ከፍተው፣ ከፕሮግራሙ ጋር አብሮ በሚመጣው ኖት ኮምፖዘር ወደ ዋናው ያዋህዷቸው። በእጅ ቀድቶ ከመለጠፍ የሚሻለው፣ ወደ አሮጌዎቹ ገጾች ያመለክቱ የነበሩትን ማያያዣዎች ራሱ ወደ ዋናው ስለሚያዞር ነው። ስም ሲቀይሩም ከፕሮግራሙ ውስጥ ይቀይሩ። ከስልኩ ፋይል ማኔጀር ከቀየሩት ወደዚያ ገጽ የሚሄደው ማያያዣ ሁሉ ይበጠሳል።

ቀጥሎ ለዋናው ገጽ ቅጽል ስሞቹን ይስጡት። ገጹ አናት ላይ ፕሮፐርቲ (ስለ ገጹ መረጃ የሚሞላበት መስመር) ጨምረው ኤሊያስስ የሚለውን ይምረጡና «ደብረብርሃን ስላሴ»፣ «ደብረ ብርሃን ስላሴ» እያሉ እጅዎ ሊጽፋቸው የሚችሉትን ሁሉ ይደርድሩ። ከዚያ ወዲያ ማያያዣ ለመክፈት [[ ብለው ከእነዚህ የትኛውንም ሲጀምሩ ዋናውን ገጽ ያቀርብልዎታል። ለነገሥታቱማ ጥቅሙ ከፊደልም ያልፋል፤ የእቴጌ ምንትዋብ ገጽ ወለተ ጊዮርጊስንም ብርሃን ሞገሳንም መያዝ አለበት። የባሰው ግን የዚህ ተቃራኒ ስሕተት ነው። «ኢያሱ» የሚል አንድ ገጽ አለዎት፤ ደብረ ብርሃን ሥላሴን ያሠሩት አድያም ሰገድ ኢያሱና የልጅ ልጃቸው፣ የምንትዋብ ልጅ ቋረኛው ኢያሱ እዚያው ተደባልቀዋል። ለሁለት ይክፈሉት፤ ብቻውን የቆመውን «ኢያሱ» ለአንዳቸውም ቅጽል አድርገው አይስጡ።

የማያያዣ አጻጻፍም አማርኛ የራሱ ጣጣ አለው። በ፣ ከ፣ የ፣ ለ ከቅንፉ ውጭ ይቅሩ፦ ከ[[ፋሲል ግቢ]]። ከኋላ የምትመጣዋ «ን»ም እንዲሁ፦ [[ቁስቋም]]ን። የሚያስቸግረው የመጨረሻውን ፊደል የሚለውጠው ነው። «ቤተ መንግሥት» «ቤተ መንግሥቱ» ሲሆን «ት» ራሷ «ቱ» ስለምትሆን ውጭ የሚቀር ነገር የለም። እዚህ ቋሚ መስመር ይጠቀሙ፦ [[ቤተ መንግሥት|ቤተ መንግሥቱ]]። ከመስመሩ በስተግራ ያለው የገጹ ስም፣ በስተቀኝ ያለው ዓይን የሚያየው ነው። (ቲድሊዊኪ በሚባለው ሌላ የዊኪ ፕሮግራም የሚሠራ ሰው ይህን እንዳለ እንዳይገለብጥ፤ እዚያ ቅደም ተከተሉ ተገላቢጦሽ ነው።)

240 ገጽ በአንድ ሌሊት አይታረምም። እስከዚያው መፈለጊያው ሳጥን ላይ ፍለጋዎን በሁለት እዝባር መካከል ይጻፉ፦

/[ሥስ]ላሴ/
/[አዐዓኣ][ፄጼ] ፋሲል/
/[ቁቍ]ስቋም/
/ጃን ?ተከል/

በማዕዘን ቅንፍ የታጠሩት ፊደሎች «ከእነዚህ አንዱ» ማለት ናቸው። በመጨረሻው ላይ ያለው ጥያቄ ምልክት ከፊቱ ያለው ክፍት ቦታ ቢኖርም ባይኖርም ግድ የለም ይላል፤ «ጃንተከል»ም «ጃን ተከል»ም ይመጣል። ጃን ተከል ዋርካ ሥር ቆሞ ይህን መጻፍ ስለማይመች «ፍለጋዎች» የሚል ገጽ ከፍተው ያስቀምጧቸው፣ ሲያስፈልግ ከዚያ ይቅዱ።

አንድ ነገር ግን እንዳያደርጉ፦ ሁሉንም ሠ በሰ፣ ሁሉንም ዐ በአ በአንድ ትእዛዝ አይለውጡ። ሰአለ ለመነ ነው፤ ሠዐለ ሥዕል ሣለ ነው። ስለ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣሪያ መላእክት የጻፉት ገጽ ላይ ሠዓሊው ለማኝ ሆኖ ይወጣል፤ ከግእዝ የቀዱት ጥቅስም ሁሉ ይበላሻል። አንድ ወጥ መሆን ያለበት የገጹ ስም ብቻ ነው፤ የውስጡን ጽሑፍ እንዳለ ይተዉት።

ዓመቶቹም ተምታተዋል። ፋሲል ግቢ በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው 1971 ብለዋል። ከፈረንጆቹ 1979 ላይ 8 ቀንሰው ነው፤ ነገሩ የሆነው በጥቅምት ስለሆነ የሚቀነሰው 7 ነው፣ 1972 ዓ.ም.። ከመስከረም 1 እስከ ፈረንጆቹ ታኅሣሥ መጨረሻ 7፣ ከዚያ በኋላ 8። ወሩን ካላወቁ ሁለቱንም ይጻፉ፤ የጎንደር መቆርቆር 1636 ከሆነ በእኛ 1628/29 ነው። «እ.ኤ.አ.» የሚለውንም ቢተዉት ይሻላል፤ አንዳንዱ «እንደ ኢትዮጵያ» ብሎ ያነበዋል። በየገጹ ሁለት ፕሮፐርቲ ይኑርዎት፣ «ዓመት ኢት» እና «ዓመት ፈረንጅ»፤ ቁጥሩ ከየትኛው እንደሆነ ዳግም አይጠራጠሩም።

ስለ ማኅደር ከጠየቁ ሁለት ይበቃል፤ አንዱ ለገጾች፣ አንዱ ለፎቶ። የገጽ ስም ከ80 ፊደል አይለፍ። አንድሮይድ የሚቆጥረው እስከ 255 ባይት ነው፤ የእኛ አንድ ፊደል 3 ባይት ይወስዳል። ላፕቶፕ ላይ በሰላም የተቀመጠ ረጅም ስም ወደ ስልክ አልቀዳም የሚለው በዚህ ነው።

መጠባበቂያውን መብራትም ኔትወርክም ሳይጠፋ ይያዙት። ገጽዎ በአማካይ 2,000 ፊደል ቢሆን 240ው ተደምሮ 1.5 ሜጋባይት እንኳ አይሞላም። የገጾቹን ማኅደር ዚፕ አድርገው በየሳምንቱ ቴሌግራም ላይ ለራስዎ ይላኩት፤ ፎቶዎቹን ለብቻ ፍላሽ ላይ ያኑሩ።