ፎርማት ከማድረግህ በፊት ድምፁ ወዴት እየሄደ እንደሆነ እይ

ወንድሜ፣ ጥያቄህን አነበብኩት። ዴስክቶፕህን ከዊንዶውስ 10 ወደ ዊንዶውስ 11 ካሳደግክ ወዲህ ድምፅ የለም። ቪዲዮው ይሄዳል፣ የስህተት መልእክት አይመጣም፣ ስፒከሩ ግን ጭጭ ብሏል። የጠየቅከው ሰው ደግሞ «ፎርማት ይደረግ»፣ ማለትም ዲስኩ ተጠርጎ ዊንዶውስ እንደ አዲስ ይጫን፣ አለህ። እባክህ አትቸኩል። እኔም እዚሁ ችግር ላይ ሁለት ቀን ለፍቻለሁ፤ መፍትሔው ግን ሁለት ክሊክ ነበር።

የኔ እንዲህ ሆነ። ማሳደጉ እንዳለቀ ዘፈን ከፈትኩ፣ ምንም የለም። ድራይቨር (ዊንዶውስ የድምፅ ካርዱን የሚያዝበት ፕሮግራም) ጠፍቷል ብዬ ደመደምኩ። ድራይቨር ከየድረ ገጹ እያወረድኩ ጫንኩ፣ አጠፋሁ፣ እንደገና ጫንኩ። ካወረድኳቸው አንዱ ብሮውዘሬን በማስታወቂያ ሞላው። በሁለተኛው ቀን ማታ ዘፈኑን ክፍት ትቼ የድምፅ መስኮቱን በደንብ አየሁት። ከሞኒተሬ ስም አጠገብ አረንጓዴ መስመር ከፍ ዝቅ ይላል። ለካ ድምፁ አልጠፋም! በኤችዲኤምአይ ኬብል ወደ ሞኒተሩ እየሄደ ነው። ሞኒተሬ ደግሞ ስፒከር የለውም።

ኤችዲኤምአይም ሆነ ዲስፕሌይ ፖርት ምስልና ድምፅን አብረው ይሸከማሉ። ስለዚህ ዊንዶውስ ሞኒተርህን እንደ አንድ ድምፅ ማውጫ ይቆጥረዋል። ሲስተሙ ሲያድግ የግራፊክስና የድምፅ ድራይቨሮችም አብረው ሊቀየሩ ይችላሉ። ያኔ አንተ መርጠህ የነበረው ማውጫ ቀርቶ ሌላው ይመረጣል።

ስለዚህ ከዚህ ጀምር። አንድ ዘፈን ክፈትና እየሄደ ተወው። ታስክባሩ (ከስክሪኑ ግርጌ ያለው መስመር) ላይ የስፒከሯን ምልክት ራይት ክሊክ አድርገህ «ሳውንድ ሴቲንግስ» ግባ። ወደ ታች ውረድና «ሞር ሳውንድ ሴቲንግስ» የሚለውን ንካ። የድሮዋ ትንሽ መስኮት ትከፈታለች። «ፕሌይባክ» በሚለው ስር ያሉትን ስሞች አንድ በአንድ እያቸው። አረንጓዴው መስመር የሚንቀሳቀሰው ከማን አጠገብ ነው? ከሞኒተሩ ከሆነ «ስፒከርስ» የሚለውን መርጠህ «ሴት ዲፎልት» በለው። «ስፒከርስ» ጭራሽ ከሌለ ባዶው ቦታ ላይ ራይት ክሊክ አድርግና የተዘጉትንም እንዲያሳይህ እዘዘው። ተዘግቶ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል።

መስመሩ ከ«ስፒከርስ» አጠገብ እየተንቀሳቀሰ ድምፅ ከሌለ ደግሞ ሶፍትዌሩን ተወውና ከኬዙ ጀርባ ሂድ። የስልክህን መብራት አብራ። ብዙውን ጊዜ ጎን ለጎን አረንጓዴ፣ ሮዝና ሰማያዊ ቀዳዳዎች ታያለህ። ስፒከር የሚሰካው አረንጓዴው ላይ ነው፤ ሮዙ የማይክ ነው። ጨለማ ውስጥ በዳበሳ ሲሰካ መሳሳት ቀላል ነው። የስልክ ኢርፎን ካለህ አረንጓዴው ላይ ሰክተህ አዳምጥ። በኢርፎኑ ከተሰማ ኮምፒውተርህ ጤነኛ ነው፤ ችግሩ ስፒከሩ ወይም ኬብሉ ጋ ነው። ይህችን ሙከራ በጣም እወዳታለሁ፣ በአንድ ደቂቃ ግማሹን ጥርጣሬ ታወጣልሃለች።

ምንም ማውጫ ካልተገኘ ወይም የስፒከሯ ምልክት ላይ ኤክስ ካለ ግን አሁን ስለ ድራይቨር እናውራ። ስታርትን ራይት ክሊክ አድርገህ «ዲቫይስ ማኔጀር» ክፈት። የድምፅ ካርድህን ፈልግ፣ «ፕሮፐርቲስ» ግባ፣ «ድራይቨር» ስር «ሮል ባክ ድራይቨር» የምትለዋ በተን ከበራች ተጫናት። ወደ ቀድሞው ይመልስሃል። ደብዝዛ ከሆነ ካርዱን «አንኢንስቶል» አድርገህ ኮምፒውተሩን ሪስታርት አድርግ፤ ዊንዶውስ ሲነሳ ራሱ ፈልጎ ይጭነዋል። ያም ካልሰራ «አፕዴት ድራይቨር» ውስጥ ገብተህ ከኮምፒውተሩ ዝርዝር ላይ «ሃይ ዴፊኒሽን ኦዲዮ ዲቫይስ» የሚለውን ራስህ ምረጥ። ይሄ ዊንዶውስ ይዞት የሚመጣ ጠቅላላ ድራይቨር ነው። ማዘርቦርድ (የኮምፒውተሩ ዋና ሰሌዳ) ላይ ያሉ አብዛኞቹ የድምፅ ካርዶች ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ2004 ያወጣውን ስታንዳርድ ስለሚከተሉ በሱ ይሰራሉ። ድራይቨር ማውረድ የግድ ከሆነ ከማዘርቦርድህ አምራች ገጽ ላይ ብቻ አውርድ። «ሁሉንም ድራይቨር በአንድ ጊዜ እናድስልህ» ከሚሉ ፕሮግራሞች ራቅ። እኔን ሁለት ቀን ያለፉኝ እነሱ ናቸው።

ድምፁ ኖሮ የሚንተፋተፍ ወይም የሚቆራረጥ ከሆነ ጉዳዩ ሌላ ነው። እዛው ሳውንድ ሴቲንግስ ውስጥ ስፒከርህን ከፍተህ «ኦዲዮ ኢንሃንስመንትስ»ን አጥፋና ሞክር። አንድ ፕሮግራም ብቻ ዝም ካለ ደግሞ «ቮልዩም ሚክሰር» ውስጥ ለዚያ ፕሮግራም የተመረጠለትን ማውጫ እይ።

ሁሉም እምቢ ካለ ያሳደግክበትን ቀን ቁጠር። ዊንዶውስ 11 ላይ ካሳደግክ 10 ቀን ካላለፈህ ሴቲንግስ ውስጥ «ሲስተም»፣ ከዚያ «ሪከቨሪ» ገብተህ «ጎ ባክ» በማለት ወደ ዊንዶውስ 10 መመለስ ትችላለህ፤ ፋይሎችህ አይነኩም። በኋላ የጫንካቸው ፕሮግራሞች ግን ስለሚጠፉ አስበህበት። እስከዚያ ድረስ ቦታ ለማስለቀቅ ብለህ «ዊንዶውስ ኦልድ» የሚለውን ፎልደር እንዳታጠፋ፣ መመለሻው እሱ ነው።

አሁን ዘፈኑን ክፈትና አረንጓዴው መስመር ከየትኛው ስም አጠገብ እንደሚንቀሳቀስ ጻፍልኝ። ከዚያ ተነስተን እንቀጥላለን።