«ሌይድ ኦፍ» እና «ፋየርድ» አንድ አይደሉም

እህቴ፣ «መሥሪያ ቤቴ ሠራተኛ ሲቀንስ ወጣሁ፤ የሥራ ማመልከቻው ላይ ‹ፋየርድ› ብዬ ልሙላ?» ብለሻል። በፍጹም እንዳትሞዪ! «ፋየርድ» የሚባለው በጥፋት ወይም በሥራ ድክመት የተባረረ ሰው ነው። ያንቺ «ሌይድ ኦፍ» ነው። ሥራው ነው የቀረው፣ አንቺ አላጠፋሽም። እኛ ለሁለቱም «ተባረርኩ» ስለምንል ነው የሚምታታው። እንግሊዝ አገር ከሆንሽ «ሜድ ሪደንደንት» በዪ። በፈቃድሽ ለቅቀሽ ቢሆን ደግሞ «ሪዛይንድ» ነበር።

አሜሪካ ውስጥ ልዩነቱ የገንዘብም ነው። ሌይድ ኦፍ የሆነ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሥራ አጥ ድጎማ ያገኛል፤ ያለ በቂ ምክንያት በፈቃዱ የለቀቀ ግን ብዙውን ጊዜ አያገኝም። ቅጹን ካልላክሽው ዛሬውኑ አስተካክዪው።