«ሌሊት የገባሁበት ሳምንት ሌላ ሰው ነው የምሆነው»

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። ቂሊንጦ አካባቢ ፋብሪካ ውስጥ ነው የምሠራው፤ ቤቴ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። አንድ ሳምንት ቀን፣ አንድ ሳምንት ሌሊት እንገባለን። የሌሊቱ ሳምንት ላይ ሚስቴ ትንሽ ነገር ስትናገረኝ ቱግ እላለሁ። የልጄ ለቅሶ ያንገሸግሸኛል። ቀን ተኝቼም ድካሙ አይለቀኝም። ጓደኞቼ «ጫት ቃም፣ ትነቃለህ» ይሉኛል፤ እናቴ ደግሞ ጠበል ግባ ትላለች። ምን ሆኜ ነው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ጸባይህን ለጊዜው ተወውና ስለ ሺፍትህ እናውራ።

አንጎላችን ውስጥ፣ የሁለቱ ዓይኖች ነርቮች ከሚተላለፉበት ቦታ ከፍ ብሎ፣ 20,000 ያህል ሴሎች ብቻ ያሏት በጣም ትንሽ ቦታ አለች። የሰውነት ዋና ሰዓት እሷ ናት። ለብቻዋ ብትተው ዙሯ ከ24 ሰዓት ትንሽ ያልፋል፤ በየቀኑ የሚያስተካክላት በተለይ የጠዋት ብርሃን ነው። እኛ አገር ደግሞ ክረምት ከበጋ ፀሐይ የምትወጣው 12 ሰዓት ግድም ስለሆነ ምልክቱ አይዛነፍም። አንተ ግን ልክ በዚያ ሰዓት ከሰርቪስ ወርደህ፣ ፀሐይ ፊትህ ላይ እየበራ ልትተኛ ትሄዳለህ። አንጎልህ «ነጋ» ተብሏል፣ አንተ «መሸ» ትለዋለህ።

እንቅልፍ የሚያመጣው ሜላቶኒን የሚመነጨው ጨለማ ሲሆን ነው። ሌሊቱን ሙሉ የፋብሪካው መብራት ይጫነዋል። ሰውነትን የሚያነቃው ሆርሞን፣ ኮርቲዞል፣ ደግሞ ወደ ንጋት ከፍ ይላል፣ የሰውነት ሙቀትም አብሮ ይጨምራል። ስለዚህ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ጋደም ስትል ሰውነትህ ሊነሳ እየተሰናዳ ነው። ትንሽ እንደተኛህ ቆራሌው በመስኮትህ ሥር ይጮሃል፣ ታች ያለው ብረት ቤት ግሪንደሩን ያስነሳል፣ በቃ፣ 6 ሰዓት ሳይሞላ ዓይንህ ፈጠጠ።

ቱግ ማለትህን በተመለከተ፣ እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣ ጥናት አለ። አንድ ሌሊት ሙሉ ያልተኙ ሰዎች ደስ የማይል ምስል ሲያዩ፣ አሚግዳላ የሚባለው የፍርሃትና የቁጣ ክፍላቸው ከተኙት 60 በመቶ ያህል በበለጠ ሲነሳሳ በኤምአርአይ ታይቷል። «ተው፣ ረጋ በል» የሚለው የፊተኛው አንጎል ደግሞ ከእሱ ጋር ያለው ግንኙነት ላልቷል። እንቅልፍ ማጣት ዶፓሚን የሚባለውን፣ ከደስታ ስሜት ጋር የተያያዘውን የአንጎል ኬሚካል የሚቀበሉትንም ቦታዎች ይቀንሳል፤ ልጅህ ሲስቅ ማየት እንኳ እንደ ድሮው ካላስደሰተህ አንዱ ምክንያት ይህ ሊሆን ይችላል። ሚስትህ ይህንን ብታነብ አልጠላም።

ጫቱን እንኳ ተወው። ውስጡ ያለው ካቲኖን ዶፓሚንን በግድ ያስወጣዋል፣ ምርቃናው ደስ ይላል፣ ከዚያ ጠዋት እንቅልፍ የለም፣ ድብርቱና ዱካኩ ይተርፍሃል። ቡናም ቢሆን የሺፍቱ መጀመሪያ ላይ ጠጣ፤ ካፌይን በደም ውስጥ ግማሹ እስኪቀንስ 5 ሰዓት ያህል ስለሚፈጅ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ የጠጣኸው አልጋህ ድረስ ይከተልሃል።

ከሥራ ስትወጣ ጥቁር መነጽር አድርግ። (አንተው የምትነዳ ከሆነ ግን አይሆንም፣ እንቅልፍ ሊጥልህ ይችላል።) መስኮቱን በወፍራም ብርድ ልብስ ሸፍነው፣ ስልክህን ዝጋው፤ ከሚስትህ ጋር ደግሞ «እስከዚህ ሰዓት ማንም አያንኳኳም» ብላችሁ ተስማሙ። ማታ ከመግባትህ በፊት ትንሽ ሸለብ ማድረግም ይረዳል። ጠበሉን ለእናትህ ብለህ ብትሄድ ችግር የለውም፣ ግን ከሌሊት ሥራ በወጣህበት ጠዋት በባዶ ሆድ ተሰልፈህ እንቅልፍህን አትሠዋ፤ የእረፍት ቀንህን ጠብቅ።

ይህ ሁሉ ግን ግማሽ መፍትሔ ነው። የሰውነት ሰዓት በቀን የሚንቀሳቀሰው አንድ ሰዓት ግድም ብቻ ስለሆነ በሳምንት ልትለምድ ስትጀምር መልሰው ወደ ቀን ያዞሩሃል። በኔ እይታ ካሉት አሠራሮች መጥፎው ይኸው የሳምንት ሳምንቱ ነው። ብቻህን ሳይሆን ከባልደረቦችህ ጋር ሆነህ አለቃችሁን አነጋግሩት፦ ወይ ሁለት ሦስት ሌሊት ብቻ ሠርቶ ማረፍ፣ ወይ ዙሩ ከጠዋት ወደ ከሰዓት፣ ከዚያ ወደ ሌሊት እንዲሄድ። ከሌሊቱ 10 እና 11 ሰዓት ላይ ንቃት እጅግ ስለሚወርድ ማሽን ላይ አደጋ ሊደርስ እንደሚችል ንገሩት፤ ይህን ይሰማል።

አንድ ነገር ግን አደራ። ለቀናት ሳትተኛ ድካም ካልተሰማህ፣ ወሬህና ገንዘብ አወጣጥህ ከልክ ካለፈ፣ ወይም መኖር ካስጠላህ፣ ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ሂድ። በተለይ በቤተሰብ የአእምሮ ሕመም ካለ፣ የእንቅልፍ መዛባት ሊቀሰቅሰው ይችላል።

ጥያቄ፦ ከለገጣፎ ነው የምጽፍልዎት። የ17 ዓመት ልጄ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ድረስ ቲክቶክ ላይ ነው፣ ጠዋት በውኃም አይነሳ። ሰነፍ ሆኖ ነው?

መልስ፦ እናቴ፣ በዚህ ዕድሜ ሜላቶኒን የሚመጣው ዘግይቶ ነው፣ ከፊሉ የተፈጥሮ ነው። ስልኩ ግን ይብስበታል። ማታ 4 ሰዓት ላይ ስልኩ ሳሎን ይደር፣ የእርስዎም ጭምር፣ አለበለዚያ አይሰማዎትም። ጠዋት እንደተነሳ ቁርሱን በረንዳ ላይ ይስጡት፣ ብርሃን ይምታው። ቅዳሜና እሁድ እስከ 6 ሰዓት እንዲተኛ አይፍቀዱለት፤ ሰኞ የሚቸገረው በዚያ ነው።