መልስ፦ ለቡ ላይ ሊጋጩ የሚመስሉት አውሮፕላኖች

ወንድሜ፣ ማታ ለቡ ከበረንዳህ ሆነህ ሁለት አውሮፕላኖች ተጠጋግተው ሲተላለፉ አይተህ «ማን ነው የሚለያቸው?» ብለሃል። ስጋትህ ይገባኛል። ከመሬት ሆኖ ሲታይ ግን ዓይን በተለይ በጨለማ የከፍታ ልዩነትን አይለይም። የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪዎች አብዛኛውን ጊዜ ቢያንስ 1,000 ጫማ፣ ማለትም 300 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለያዩአቸዋል። እኩል ከፍታ ላይ ከሆኑ ደግሞ በራዳር እያዩ ብዙ ኪሎ ሜትር ያራርቋቸዋል። በሰሜን በኩል እንጦጦ ስላለ ቦሌ የሚያርፍ አውሮፕላን እንደፈለገ ዝቅ ማለት አይችልም፤ ሥራው ከባድ ነው።

ተቆጣጣሪው ቢሳሳትስ? ለዚያ ቲካስ የሚባል፣ አውሮፕላኑ ውስጥ የተገጠመ የግጭት መከላከያ መሣሪያ አለ። የሁለቱ አውሮፕላኖች መሣሪያዎች እርስ በርስ ተነጋግረው አንዱን ውጣ፣ ሌላውን ውረድ ይላሉ። የሚያድነው ግን አብራሪው ሲታዘዝ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 ጀርመን ውስጥ ኡበርሊንገን ላይ ቲካስ የሩሲያውን ቱፖሌቭ አውሮፕላን ውጣ ሲለው ተቆጣጣሪው ውረድ አለው። አብራሪዎቹ ተቆጣጣሪውን ሰሙ፤ ሌላኛው አውሮፕላንም በቲካስ ትእዛዝ እየወረደ ነበር። ተጋጭተው 71 ሰው አለቀ፣ አብዛኞቹ ልጆች። እጅግ ያሳዝናል። አሁን ደንቡ አያሻማም፦ ሁለቱ ትእዛዞች ከተጋጩ አብራሪው ቲካስን ይከተላል።

እኔን የበለጠ የሚያሰጋኝ ድሮን ነው። ተራ ድሮን ትራንስፖንደር (ለቲካስ ምልክት የሚመልስ መሣሪያ) ስለሌለው ቲካስ አያየውም። ሰፈራችሁ ውስጥ ለሰርግ ቀረጻ ብሎ ድሮን የሚያስነሳ ካየህ፣ እባክህ ዝም አትበለው።