ቸርኬ ከመግዛታችሁ በፊት ቀዳዳውን ለኩ

ሰሞኑን ከአዳማ የመጡልኝ ጥያቄዎች ብዙዎቹ ስለ ቸርኬ ናቸው። ደስ ብሎኛል። ጎማውን ተሸክሞ ከመኪናችን ጋር የሚያገናኘው እሱ ነውና።

«ቪትዝ ነው የምነዳው። ከሱዙኪ ዲዛየር የወጣ አሉሚኒየም ቸርኬ በጥሩ ዋጋ አገኘሁ። ሻጩ ‹ባለ 4 ቀዳዳ እስከሆነ ይገባል› ይለኛል። ልመነው?»

እህቴ፣ የቀዳዳው ብዛት ብቻውን አይበቃም። ቀዳዳዎቹ የተደረደሩበት ክብ ስፋትም መግጠም አለበት። የድሮ ፊያትም ባለ 4 ነው፣ ግን ክቡ 98 ሚሊ ሜትር ነው፤ የቪትዝ ደግሞ 100። ያንቺ ዕድል ሆኖ የዲዛየርም 100 ነው፣ መሃል ላይ ያለው ትልቁ ቀዳዳም በሁለቱም 54.1 ሚሊ ነው። ስለዚህ ቸርኬው ይገባል።

ዳዶው ላይ ግን ተጠንቀቂ። የሁለቱም ቡሎን ውፍረት 12 ሚሊ ነው፣ ከጥርስ ጥርስ ያለው ርቀት ግን ይለያያል፤ የቶዮታ 1.5 ሚሊ፣ የሱዙኪ 1.25። ሻጩ «ዳዶውንም ውሰጂ» ካለሽ ተይው፣ ምክንያቱም መጀመሪያ የገባ ይመስልና ትንሽ ዞሮ ይጠብቃል፣ ያኔ ጎሚስታው በጉልበት ከተጫነው የቡሎንሽ ጥርስ ተበላ ማለት ነው። የራስሽን ዳዶ ተጠቀሚ፤ ጫፉ ሾጣጣ መሆኑንም እዪ። አንዳንድ የቶዮታ ኦሪጅናል አሉሚኒየም ቸርኬ ጠፍጣፋ ሮንዴላ ባለው ዳዶ ነው የሚታሰረው፣ እሱ ደግሞ ለሾጣጣ መቀመጫ አይሆንም።

«ባለ 5 ቀዳዳውን በሜትር እንዴት ልለካው? ትይዩ የለውም።»

ልክ ነህ፣ ባለ 4 እና ባለ 6 ቀላል ነው፤ ከአንዱ ቀዳዳ መሃል ፊት ለፊቱ እስካለው መሃል ትለካለህ። ባለ 5 ሲሆን የሁለት ጎረቤት ቀዳዳዎችን ርቀት ከመሃል መሃል ለክተህ በ1.7 አባዛው። 67.2 ሚሊ ካገኘህ 114.3 ነው፤ ራቭ ፎርና ቱሳን እንደዚያ ናቸው። 65.8 ካገኘህ 112 ነው። ልዩነቱ 1.4 ሚሊ ብቻ መሆኑን ልብ በል! በልብስ ሰፊ ሜትር ይህን መለየት ይከብዳል፣ ካሊፐር ያለው ሰው ፈልግ።

«የፎልክስዋገን አይዲ 4 ገዛሁ። የ114.3 ቸርኬ አለኝ። ጎሚስታው ‹ትንሽ ናት ልዩነቷ፣ አስገድደን እናስረዋለን› አለኝ።»

በፍጹም እንዳያደርጉት! የአይዲ 4 ክብ 112 ነው። እያንዳንዱ ቀዳዳ ከቦታው አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ይርቃል፣ ቡሎኑ ተጣሞ ይገባል፣ ጫፉ መቀመጫው ላይ በአንድ ጎኑ ብቻ ያርፋል። ቆሞ ሲታይ ጠብቋል፤ መንገድ ላይ ግን ይላላል፣ ወይም ቡሎኑ ይሰበራል። 2 ቶን ገደማ የሚመዝን መኪና ነው፣ ቤተሰብም ይጫንበታል። ቸርኬውን ሸጠው የ112 ይግዙ፤ የሚሸከመውን ክብደትም ከጀርባው አንብቡልኝ ይበሉ።

«ቸርኬ ከቀየርኩ ወዲህ በፍጥነት መንገዱ 90 ላይ መሪው ይንቀጠቀጣል። ሁለት ጊዜ ባላንስ አሠራሁ።»

የመሃሉን ትልቅ ቀዳዳ ጠርጥር። ከገበያ የሚገዛ ቸርኬ ብዙ ጊዜ ለብዙ መኪና እንዲሆን መሃሉ ሰፊ ተደርጎ ይሠራል። ያንተ መኪና ሞዞ (ቸርኬው መሃሉን የሚያስገባበት እምብርት) ከሱ ካነሰ ቸርኬው ትንሽ ወደ ጎን ሸሽቶ ሊታሰር ይችላል። የባላንስ ማሽኑ ላይ መሃሉን ስለሚይዝ ደህና ይመስላል፣ መኪናው ላይ ሲሆን ግን ይወዛወዛል። ከተማ ውስጥ አይሰማህም፣ ወደ አዲስ አበባ ስትሮጥ ነው የሚያስታውስህ። መፍትሔው ክፍተቱን የሚሞላ የመሃል ቀለበት ነው። ሁለቱንም ስፋት ለክተህ ግዛ።

«ቡሎን በበዛ ቁጥር መኪና ይፈጥናል?»

አይፈጥንም። ላንድ ክሩዘር 200 ባለ 5 ነው፣ ከሱ የሚያንሰው ፕራዶ ባለ 6። ትልቁ ቡሎኑ ወፍራም፣ ክቡም 150 ሚሊ ስለሆነ ነው በ5 የሚበቃው። መነሳትና ፍሬን ላይ የሚሰማችሁ የቸርኬውና የጎማው ክብደት ነው። ኩርባ ላይ ደግሞ ስፋቱና ወደ ውጭ የወጣበት ልክ፤ በጣም ከወጣ ኩሽኔታውን ይበላል።

«ዳዶ ስንት ይጠበቅ?»

ይህ የኔም ቁስል ነው። አንድ ጊዜ ጎማ አስቀይሬ ወደ አሰላ ስወጣ ከኋላ ኳ ኳ የሚል ድምፅ ሰማሁ፣ ወርጄ ባይ ሦስት ዳዶ በእጅ የሚዞር ሆኗል። ልጆቼ ከኋላ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ የዳዶ ማጥበቂያ ቁልፍ ከመኪናዬ አይጠፋም። ለቪትዝና ለኮሮላ 103 ኒውተን ሜትር ነው፤ ግማሽ ሜትር በሚረዝም ቁልፍ ጫፍ ላይ 21 ኪሎ ያህል መጫን ማለት ነው። በአየር መፍቻ እስኪያለቅስ ማጥበቅም ጥሩ አይደለም፣ ቡሎን ይሳባል። በኮከብ ቅርጽ፣ ከአንዱ ወደ ተቃራኒው እየተሻገራችሁ እሰሩ። ከዚያ ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ስትነዱ እንደገና ፈትሹት፤ ከአዳማ አዲስ አበባ ደርሳችሁ ስትቆሙ ማለት ነው።