ከደጇ የቆመው መኪና

ልጆቼ፣ ከውጭ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆናችሁ በሴቶች ላይ ስለሚደርሰው ጥቃት ልታጠኑ መሆኑን ስሰማ ደስም አለኝ፣ ስጋትም ገባኝ።

እኔ ከደብረ ማርቆስ እየተነሣሁ በምሥራቅ ጎጃም ገጠር ለዓመታት መጠይቅ ይዤ ዞሬያለሁ። በአንዱ ጥናት የውጭ አጋሮቻችን ዓርማ የተለጠፈበት ነጭ ላንድክሩዘር ሰጡን፤ እኛም ኮርተን ከየሴቲቱ ደጅ አቆምነው። አንዲት እናት በሰፌድ ጤፍ እያበጠረች ስታወጋኝ የባሏ ወንድም «እነዚህ ደግሞ ምንድን ናቸው?» እያለ ገባ። መኪናውን አይቶ ነው። የመጠይቁን ገጽ ገልብጬ ስለ ልጆቿ ክትባት ጠየቅኋት፤ ገብቷት ስለ ኩፍኝ መለሰችልኝ። ሰውየው ከወጣ በኋላ ግን «ሆድ ይፍጀው» ብላ ወደ ሰፌዷ ተመለሰች። ከዚያ ወዲህ መኪናውን ገበያ ዳር እየተውን በእግር ሄድን።

ገጽ መገልበጡ የእኔ ብልሃት አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2001 እ.ኤ.አ. ያወጣው መመሪያ ሰው ሲገባ ወሬው ይቀየር፣ ከአንድ ቤት አንዲት ሴት ብቻ ትጠየቅ ይላል። ድርጅቱ ቡታጅራ ላይ ባስጠናው ጥናት 71 በመቶ የሚሆኑት ያገቡ ሴቶች በዕድሜያቸው ከትዳር ጓደኛቸው አካላዊ ወይም ወሲባዊ ጥቃት ደርሶባቸዋል። የተጠየቁት ግን በደፈናው ስለ «ጥቃት» ሳይሆን ስለ እያንዳንዱ ድርጊት ነው። በእኛ በጎጃም ጥቃት የባላንጣ ሥራ ነው፤ ባል «ይቆጣል» እንጂ አያጠቃም። «በጥፊ መትቶሽ ያውቃል?» ስትባል ግን «እሱማ!» ትላለች። ስለዚህ መጠይቁ ተጽፎ ካለቀ በኋላ ለትርጉም ብቻ አትጠሩ፤ ሲጻፍ ተገኙ።

የአጋሮቻችን የሥነ ምግባር ኮሚቴ አንድ ጊዜ የተፈረመበት የፈቃድ ወረቀት ግልባጭ ለሴቲቱ ይሰጥ አለ። የት ታስቀምጠው? ባሏ ከሣጥኗ ቢያገኘውስ? ደብዳቤ ስንጻጻፍ ሦስት ሳምንት አለፈ፤ በመጨረሻ የቃል ፈቃድ ይበቃል ተባለ። እነሱ ክፉዎች ሆነው አይደለም። ሣጥኑን አያውቁትም።

ከጥናቱ በሚወጣው ጽሑፍ ላይ ስማችሁ ስንተኛ እንደሚሆን ተከራከሩ፤ እኔም ተከራክሬያለሁ። ከዚያ በፊት ግን በጀቱን ግለጡ። በአንድ ውል ውስጥ ለአውደ ጥናት ሻይ ቡና ገንዘብ ተመድቦ፣ የተጎዳችን ሴት ሆስፒታል ለማድረስ አንድ ብር አልነበረም። አልፈርምም አልኩ። አለቃዬ ተቆጣኝ፣ ሥራው ሁለት ወር ዘገየ፤ ገንዘቡ ተጨመረ።